ኩላሊት፣ የዓይን ብሌን እና አንጎል
(በዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድራችን ወገን ለመቅበር የቆመ ነው። ዛሬ ስለ ሕክምና ስንናገር ከሥራችን የወጣን የሚመስላችሁ ካላችሁ ጥቂት ታገሡን። በየሰፈሩ «ዘንድሮ እንኳን ኩላሊት፣ አንጎልም ይቀየራል» ሲባል እንሰማለን። የሚሆነውን ከማይሆነው መለየት ያስፈልጋል።

ከሩቅ አንነሣ። እዚሁ ጉለሌ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ የአገሪቱ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል ሥራ ጀምሯል። የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች አግዘዋል። ከዚያ በፊት ገንዘብ የተዋጣለት ሕንድ አገር ይሄድ ነበር፤ ያልተዋጣለትን እኛ ቀብረነዋል።

በዓለም የተሳካው የመጀመሪያው የኩላሊት ተከላ እ.ኤ.አ. በ1954 በቦስተን ከተማ የተደረገው ነው። ሰጪውና ተቀባዩ ፍጹም የሚመሳሰሉ መንትዮች ስለነበሩ ነው የተሳካው። የሰው ገላ እንግዳ አይወድም፤ የሌላ ሰው ሥጋ ሲገባበት እንደ በሽታ ቆጥሮ ይዋጋዋል። ስለዚህ የተተከለለት ሰው ይህን የሚያስታግሥ መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። መዋጮ ስናዋጣ ይህን እንወቅ፤ ወጪው ከሆስፒታል ሲወጡ አያበቃም። በእኛ አገር ኩላሊት የሚሰጠው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው፣ ያውም በደንብ ተመርምሮ። መሸጥ፣ መለወጥ የለም።

አንጎልስ? «ጭንቅላቱን በቀየሩለት» የምንለው ሰው ሞልቷል፤ ግን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1970 ሮበርት ኋይት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የአንዱን ዝንጀሮ ራስ በሌላው ገላ ላይ ገጠመ። ዝንጀሮው ዓይኑን ገልጦ አየ። ከአንገት በታች ግን ምንም ማንቀሳቀስ አልቻለም፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። የተቆረጠ ኅብለ ሰረሰርን መልሶ የሚቀጥል እስከ ዛሬ አልተገኘም። ቢገኝስ? የእገሌ አንጎል በእገሌ ገላ ቢገባ፣ ሲሞት ጥሩንባው በማን ስም ይነፋ? አንጎል ሳይሆን ገላ ተቀየረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዕድራችን ጉዳይ እንመለስ። ሙት ለሕያው ሊሰጠው የሚችል አንድ ነገር አለ፤ የዓይን ብሌን። ብሌን ስንል የዓይንን ፊት እንደ ሰዓት መስተዋት የሸፈነውን ጥርት ያለ ስስ ሽፋን ነው። እሱ በጠባሳ ሲደፈን ዓይን ይጠፋል፤ ሲቀየር ብዙ ጊዜ ይበራል። የዓይን ነርቭ ለሞተበት ግን አይረዳም። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 ተቋቁሟል። አንድ ሟች ሁለት ሰው ያያል ማለት ነው። በመነጽር የኖረም፣ ያረጀም መስጠት ይችላል። የሟች ፊትም አይበላሽም።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። ብሌኑ ቢቻል ከሞት በኋላ 6 ሰዓት ሳይሞላ፣ ቢዘገይ በ12 ሰዓት ውስጥ መነሣት አለበት። በዚያ ሰዓት ቤተሰቡ እያለቀሰ ነው፤ ሟች የፈረመው ወረቀት ሣጥን ውስጥ ነው። ነቅቶ የሚሠራው ማን ነው? ዕድሩ ነው። ጥሩንባ የሚያስነፋ፣ ድንኳን የሚተክል፣ ገናዥ የሚጠራ።

«ጎዶሎ ሆነን እንቅረብ ወይ?» ያሉ አባት አሉ። ክርስቲያንም እስላምም አባላት ስላሉን በዚህ አንፈርድም፤ ሁሉም የሃይማኖት አባቱን ይጠይቅ። ነገር ግን መቃብር ሲያስቆፍሩ የኖሩ ሰዎች አፈር ምን እንደሚያስቀር ያውቃሉ።

የሥራ አመራሩ በአባላት መዝገብ ላይ አንድ ረድፍ ጨምሯል። ለመስጠት የፈረመ አባል ለጸሐፊው ይንገር፤ ቤተሰቡም ይወቅ። ሐሳቡን የለወጠም ይምጣ፤ «ለምን?» ሳይባል ይሰረዝለታል፣ ሕጉም ይህን ይፈቅድለታል። የተመዘገበ አባል ሲያርፍ ከጥሩንባው አስቀድሞ ለዓይን ባንክ ይደወላል፤ ገናዦችም ባለሙያው እስኪደርስ ይጠብቃሉ።