ያሰላው ማን ነው?



የፕሮጀክት ለውጥ ሲነሳ ወዲያው የምንጠያየቀው ስንት ብር እንደሚጨምርና ስንት ቀን እንደሚያዘገይ ነው። እኔ ዛሬ የማነሳው ሥራን ያቀለለ ለውጥ ነው። ሰው የፈጀውም እሱ ነው።

በአሜሪካ፣ ካንሳስ ሲቲ፣ የሃያት ሬጀንሲ ሆቴል አዳራሽ ከጣሪያው በብረት ዘንግ የተንጠለጠሉ መተላለፊያዎች ነበሩት፤ የአራተኛው ፎቅ ከላይ፣ የሁለተኛው ፎቅ በቀጥታ ከሥሩ። በመጀመሪያው ዲዛይን አንድ ረጅም ዘንግ ሁለቱንም ይይዛል። ነገር ግን የላይኛውን መተላለፊያ ከሥር የሚደግፈው ዳዶ እስከ አራተኛው ፎቅ እንዲደርስ ከዚያ በታች ያለው ዘንግ በሙሉ ጥርስ ሊወጣለት ነው። ይህ ያስቸገረው ብረት ሠሪ ድርጅት ዘንጉ ለሁለት ይከፈል አለ፤ አንዱ ከጣሪያ እስከ አራተኛው፣ ሌላው ከአራተኛው እስከ ሁለተኛው።

ወረቀት ላይ ኢምንት ለውጥ ናት። ግን እንዲህ አስቡት፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ገመድ ተንጠልጥለው ሳለ የታችኛው ገመዱን ለቆ የላይኛውን እግር ቢይዝ፣ በገመዱ ላይ የሚጨመር ክብደት የለም፤ የላይኛው ሰው እጅ ግን ሁለት ሰው ይሸከማል። የአራተኛው ፎቅ ቢም ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበት ቦታም ጭነቱ እጥፍ ሆነበት። የመጀመሪያው ዲዛይን ራሱ የከተማው የሕንፃ ሕግ ከሚጠይቀው ጥንካሬ 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር የሚያሟላው። ለውጡን አንድ ሰው ተቀምጦ ቢያሰላው ኖሮ የቆየው ጉድለትም አብሮ ይወጣ ነበር፤ የለውጥ ግምገማ ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል።

ማንም አላሰላውም። ብረት ሠሪው መሐንዲሶቹን አመነ፤ የመሐንዲሶቹ ቢሮ ሾፕ ድሮዊንጉ ላይ ማኅተሙን መታ። ኋላ ብረት ሠሪው በስልክ አስፈቅደናል ሲል፣ መሐንዲሱ የተደወለልኝ ስልክ የለም አለ። («በስልክ ተነጋግረናል» ለእኛም ሳይቶች እንግዳ አይደለም።) ሆቴሉ በተከፈተ በዓመቱ፣ ሐምሌ 10 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ አዳራሹ በዳንስ ምሽት ታዳሚዎች ተሞልቶ ሳለ ሁለቱ መተላለፊያዎች ተደረመሱ። 114 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ። ሁለት መሐንዲሶች በሚዙሪ የሥራ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ።

በለውጥ መጠየቂያ ቅጾቻችን ላይ፣ ከወጪውና ከቀኑ ቀጥሎ፣ «ያሰላው ማን ነው?» የሚል መስመር ይጨመርልን። ስሙና ስሌቱ ባልተያያዘበት ለውጥ ላይ፣ አለቃ ቢቸኩልም ተቋራጭ ቢለማመጥም፣ እባካችሁ አትፈርሙ።