ሕጉ አለ፣ ጉልበቱም አለ፤ በጀቱን እንጠይቅ

(በአቀስታ በተካሄደው የማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ የታዳጊ ልጆች መጠጥ ነው። ስለ ጉዳቱ ብዙ አልናገርም። በገበያ ቀን አመሻሽ ላይ ደብተሩን በብብቱ ይዞ እየተንገዳገደ ወደ ቤቱ የሚሄድ ልጅ ያላየች እናት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለች አይመስለኝም። የጤና ባለሙያዎች የሚሉትን አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ፦ የሰው አእምሮ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ በማደግ ላይ ነው። በልጅነቱ መጠጥ የጀመረም ዘግይቶ ከጀመረው ይልቅ የሱስ አደጋው ይብስበታል። ዛሬ ልናገር የምፈልገው ግን ስለ ገንዘብ ነው። ልጆቹን የመጠበቁን ሥራ ማን ይሠራዋል? ወጪውንስ ማን ይሸፍነዋል?

ሕግ የለንም እንዳንል ሕግ አለን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዓዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ቀንና ሌሊት በቴሌቪዥንና በሬዲዮ እንሰማው የነበረው የቢራ ማስታወቂያም የቆመው በዚሁ ዓዋጅ ነው። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኤክሳይስ ታክስ ዓዋጅ ወጣ። ቢራውም የጠርሙስ አረቄውም ለመንግሥት ግብር ይከፍላል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን አይሄድም። በእኛ አካባቢ ልጅ መጠጥን የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በቢራ አይደለም፤ ቢራ ውድ ነው። የሚጀምረው በአንድ መለኪያ አረቄ ወይም በአንድ ጣሳ ጠላ ነው። ያ ቤት የንግድ ፈቃድ ግድግዳው ላይ የለጠፈ ሆቴል አይደለም፤ ደጁ ላይ በእንጨት ጣሳ የተሰቀለበት ጎጆ ነው። ተቆጣጣሪ መጥቶ መታወቂያ ሲጠይቅበት አላየንም።

በዚያ ጎጆ ውስጥ ያለችው ማን ናት? እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። የእኛው እህት ናት። ባሏ የሞተባት፣ መሬቷን በእኩል ያረሰችባት፣ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ገብሱን አብቅላ፣ ጌሾውን ወቅጣ፣ ድፍድፉን ጥላ፣ ጭሱ ዓይኗን እያቃጠለው አረቄ የምታወጣው ሌላ መነሻ ስለሌላት ነው። ከመካከላችንም በዚህ ሥራ ልጅ ያስተማሩ አሉ። ስለዚህ «ይዘጋ» ብለን ብቻ ብንነሳ ቅጣቱ የሚወድቀው ከሁላችንም ደሃ በሆነችው ላይ ነው። ልጁም በሳምንቱ ሌላ ቤት ያገኛል። «ተዉአት፣ ትብላ» ብንል ደግሞ የእሷን ልጅ ለማሳደግ የጎረቤቷን ልጅ እንሰጣለን። ከሁለቱም ክፉ የሚያወጣን አንድ መንገድ አለ፤ እሱም ማኅበረሰቡ የሚሠራው፣ መንግሥት ደግሞ በጀት የሚመድብለት ሥራ ነው።

ይህ በሌላ አገር ተሞክሯል። አይስላንድ የምትባለው ትንሽ ቀዝቃዛ አገር፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ከ15 እና 16 ዓመት ልጆቿ መካከል ባለፈው አንድ ወር ሰክረው የነበሩት ከመቶ 42 ነበሩ። በ2016 ከመቶ 5 ደረሱ። ምን ሠሩ? ወላጆች እርስ በርስ ቃል ተገባቡ፣ ማታ ማታ በየመንደሩ እየተዘዋወሩ ልጆችን ወደ ቤት መለሱ። የከተማ አስተዳደሮች ደግሞ ልጆች ስፖርትና ሙዚቃ እንዲማሩ ገንዘብ አወጡ። ወላጅ ጉልበቱን ሰጠ፣ መንግሥት በጀቱን ሰጠ፤ አንዱ ያለ ሌላው አልሠራም።

በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ሕግ አለ። ልጆችን ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ ለመጠበቅ ለተሰባሰበ የአካባቢ ኅብረት መንግሥት በዓመት እስከ 125,000 ዶላር ይሰጣል። ገንዘቡ ለእኛ ሕልም ነው፤ እኔን የሳበኝ ግን ከገንዘቡ ጋር ያለው ደንብ ነው። ኅብረቱ አሥራ ሁለት ዓይነት የማኅበረሰብ ክፍሎችን ማቀፍ አለበት፤ ወላጅ፣ ወጣት፣ ትምህርት ቤት፣ የሃይማኖት አባት፣ ነጋዴ፣ ፖሊስ፣ የጤና ባለሙያ እያለ ይቀጥላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መንግሥት አንድ ብር ሲሰጥ ኅብረቱም የራሱን አንድ ብር ማምጣት አለበት። ያ ድርሻ ግን ጥሬ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ያለ ክፍያ የተሠራ ሥራ፣ የተፈቀደ አዳራሽ፣ የተሰጠ ዕቃም በዋጋ ተተምኖ ይቆጠራል።

እህቶቼ፣ ይህን ስሰማ ያሰብኩት ቅሬያችንን ነው። እነሱ በሕግና በገንዘብ የሚሰበስቡትን ኅብረት እኛ ከአያቶቻችን ወርሰነዋል። በቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ነጋዴውም ገበሬውም፣ ሸሁም ቄሱም አብረው ይቀመጣሉ። የቅሬ ደንብ ደግሞ ይከበራል፤ ሰው ከፖሊስ ቅጣት ይልቅ ለቀብሩ የሚመጣለት ሰው እንዳያጣ ይፈራልና። ጉልበቱም አለን። የጎደለን የምንሠራውን መቁጠርና መጠየቅ ነው።

በጀት ብናገኝ ለምን እናውለዋለን? «ለሥልጠና» እንዳንል እለምናችኋለሁ። ሻይ ጠጥቶ፣ አበል ፈርሞ የሚበተን ስብሰባ አንድ ልጅ ከአረቄ ቤት አላወጣም። እኔ ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛው ለአረቄ አውጪዋ እህት የሥራ መቀየሪያ ነው። ብቅል የሚሆነው ገብስ በሶም፣ ቆሎም፣ ዳቦም ይሆናል። ደጋችን በግ የሚያደልብ፣ ባና የሚያሠራ አገር ነው። ነገር ግን አረቄ በሳምንት ገንዘብ ያመጣል፣ በግ ደግሞ ወራት ያስጠብቃል። በእነዚያ ወራት ልጆቿ ምን ይብሉ? ብድሩን ከባንክ ብትወስድ ወለድ አለው። የመንግሥት ድጎማ የሚያስፈልገው ለዚህ መሸጋገሪያ ጊዜ ነው። ሥራዋን ወዲያው መተው ለማትችለው ደግሞ ስምምነቱ ይህ ይሁን፦ ለታዳጊ አትቀዳም፣ ዩኒፎርም የለበሰ አታስገባም፤ ቅሬውም ምስክር ይሁን።

ሁለተኛው ለልጆቹ የሚውሉበት ቦታ ነው። ከትምህርት መልስ ኳስ፣ መጽሐፍ፣ መብራት ያለው ክፍል ያስፈልጋል። ባለፉት ዓመታት በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት በተቋረጠ ጊዜ ልጆቻችን የት ሲውሉ እንደነበር ታውቃላችሁ። «እዚያ አትሂድ» የምንለውን ልጅ «እዚህ ና» የምንለው ቦታ ሊኖረን ይገባል።

ሦስተኛው የእናቶችና የአባቶች የምሽት ቅኝት ነው። ይህ ብዙ ብር አይፈልግም፤ ባትሪ፣ የዝናብ ልብስና ከፖሊስ ጋር የተስማማንበት ወረቀት ይበቃዋል።

ጥያቄውን ለማን እናቅርብ? በዚያው በ2011 ዓ.ም.፣ ከመጠጡ ዓዋጅ ቀጥሎ፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ዓዋጅ ቁጥር 1113/2011 ወጥቷል። ሁለቱ ዓዋጆች በቁጥርም ጎረቤት ናቸው። ሁለተኛው የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ እንዲኖር ደንግጓል። ያ ግን የፌዴራል መንገድ ነው፤ ለእኛ ቅርቡ በር የወረዳችን በጀት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። ሐምሌ ላይ ብንሄድ የሚጠብቀን «በጀቱ ተይዟል» የሚል መልስ ነው። ዕቅዱ ገና ሲረቀቅ፣ ከቀበሌ ጀምረን፣ ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለሴቶች ጉዳይና ለወጣቶች ጽሕፈት ቤቶች በአንድ ወረቀት እናቅርብ። ምክር ቤቱ በጀቱን ሲያጸድቅም ተወካዮቻችን ጉዳዩን ያውቁት።

ባዶ እጃችንን ግን አንሂድ። ከዛሬ ጀምሮ አንድ መዝገብ እንክፈት። ማን ስንት ሰዓት ቅኝት ወጣች፣ ማን ቤቷን ለልጆች ጥናት ሰጠች፣ ማን ስንት ቁና ገብስ አዋጣች፣ ሁሉም ይጻፍ። የሴት ሥራ ሳይጻፍ ስለሚቀር እንዳልተሠራ ይቆጠራል። የተጻፈ ሰዓት ግን «እኛ ይህን ያህል አዋጥተናል፤ መንግሥትስ?» ብሎ ለመጠየቅ ያበቃል።

«መንግሥት ገንዘብ የለውም» ትሉኝ ይሆናል። ችግሩን አልክድም፤ የፈረሰ ጤና ጣቢያም የሚጠገነው ከዚያው ካዝና ነው። ስለዚህ ትንሽ እንጠይቅ፤ የጠየቅነውን ግን በየዓመቱ እንጠይቅ። ያገኘነው እያንዳንዱ ብር ምን ላይ እንደዋለ በቅሬውና በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ። ሂሳቡ በአደባባይ የሚነበብ ማኅበር በዓመቱ ተመልሶ ለመጠየቅ አያፍርም።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። እናንተ የሰጣችሁን ገንዘብ አቁሞናል፤ እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይክፈላችሁ። ነገር ግን የእናንተ ፕሮጀክት በሁለት በሦስት ዓመት ያልቃል፤ ልጅ ግን በየዓመቱ አሥራ አራት ዓመት ይሞላዋል። ስለዚህ የመንግሥትን ቦታ አትያዙለት። ወረዳው ከመደበው ጋር እኩል እንሰጣለን በሉን፤ ያን ጊዜ የእናንተ ብር ሌላ ብር ይጠራል።

በመጨረሻ ለጉባኤው የውሳኔ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ዛሬ እንምረጥ፤ ከሦስቱ አንዷ አረቄ በማውጣት የምትተዳደር እህታችን ትሁን። እሷ የሌለችበት ዕቅድ በእሷ ላይ የተዶለተ ይሆናልና። ኮሚቴው መዝገቡን ይክፈት፣ ጥያቄውን ይጻፍ፣ ለሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባችን ያቅርብ። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።