ኩላሊት ሲያብጥ፦ የሽንት ነገር አያሳፍርም
(በአረጋውያን ሞአዶን የተደረገ ንግግር)

እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ቤር ሼቫ ነው። አማርኛዬን የተማርኩት ከአያቶቼ ስለሆነ፣ ብሳሳት እንደ ልጃችሁ አርሙኝ።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ኩላሊት እብጠት ነው። እንደ እግር እብጠት በዓይን የሚታይ አይደለም፤ ውስጥ ነው ያለው። ሁለቱ ኩላሊቶቻችን ደማችንን ያጣራሉ። የተጣራው ቆሻሻ ሽንት ሆኖ በቀጭን ቱቦ ወደ ፊኛ ይወርዳል፣ ከዚያም ይወጣል። የመስኖ ቦይ አስቡ። ቦዩ ሲዘጋ ውሃው ወደ ኋላ ይተኛል አይደል? ሽንትም መውጫ ሲያጣ ወደ ኋላ ይመለስና ኩላሊቱን ይነፋዋል።

ምን ይዘጋዋል? አንዱ የኩላሊት ጠጠር ነው። የኔጌቭ ሙቀት ብርቱ ነው፤ በላብ ብዙ ውሃ ይወጣል። ውሃ ካልጠጣን ሽንት ይወፍራል፣ ጠጠር ይሠራል። ሁለተኛው፣ በዕድሜ የገፉ ወንዶች ላይ የፕሮስቴት ማደግ ነው። በሴቶች ደግሞ የማህፀን መውረድ ወይም በዚያ አካባቢ ያለ እጢ ቱቦውን ሊጫነው ይችላል።

ምልክቱስ? ጎንና ወገብ ላይ ሕመም፣ አንዳንዴም ወደ ብሽሽት የሚወርድ። ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ ማቃጠል፣ እየተቆራረጠ መውጣት፣ ደም መቀላቀል። ማቅለሽለሽ። አንዳንድ ሰው ግን ምንም አያመውም።

አሁን የቤቴን ነገር ልንገራችሁ። አሥራ አንድ ዓመቴ ሳለ አያቴን ሐኪም ቤት ይዤ ሄድኩ፤ ዕብራይስጥ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ስለ ሽንታቸው ጠየቀ። እኔ አፈርኩና በደንብ አላስተረጎምኩትም። እሳቸውስ በልጅ ልጃቸው ፊት እንዴት ይናገሩ? «ወገቤን ነው» ብቻ አሉ። የሕመም ማስታገሻ ይዘን ተመለስን። ከብዙ ወራት በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ብሏቸው ሆስፒታል ገቡ። ፕሮስቴቱ መውጫውን ዘግቶት ሁለቱም ኩላሊቶች አብጠው ነበር። ሽንቱን በቱቦ አወጡላቸው፣ ተረፉ። ኩላሊታቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የምትሉት እናንተው ናችሁ። ስለዚህ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ እንዲያስተረጉም አታድርጉ። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ መሠረት ቁፓት ሖሊምም ሆነ ሆስፒታል የማስተርጎም አገልግሎት ማቅረብ አለበት፤ በስልክም ይሆናል። ቶር ስታስይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። መብታችሁ ነው፣ ልመና አይደለም።

ሕክምናው በምክንያቱ ይወሰናል። የቤተሰብ ሐኪሙ የሽንትና የደም ምርመራ፣ አልትራሳውንድም ያዛል። ጠጠር ከሆነ አንዳንዱ በራሱ ይወጣል፣ ሌላው ይሰበራል ወይም በመሣሪያ ይወጣል። ለፕሮስቴት መድኃኒት አለ፣ ካስፈለገም ኦፕራሲዮን። ቶሎ ከተከፈተ ኩላሊቱ ያገግማል፤ ከቆየ ጉዳቱ ይቀራል።

ሦስት ነገር አደራ። አንደኛ፣ ውሃ ጠጡ፤ ቡና ብቻ አይበቃም። የልብ ሕመም ያለበት ወይም ዲያሊዚስ የሚያደርግ ግን መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ኩላሊት ስለሚጎዱ ሳትጠይቁ አትደጋግሙ። ሦስተኛ፣ ኩላሊቱን የታመመ ሰው ለዮም ኪፑርም ሆነ ለስግድ ከመጾሙ በፊት ሐኪሙንና ቄሱን ያማክር። ነፍስ ማዳን ጾምን ይቀድማል።

ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለ፣ ወይም የጎን ሕመም ከትኩሳት ጋር ከመጣ፣ ነገ አትበሉ። 101 ደውሉ ወይም ወደ ሶሮካ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ለብቻችሁ መናገር የምትፈልጉት ነገር ካለ ወደ እኔ ኑ። በር ዘግተን እናወራለን፤ አሁን ቃሉንም አውቀዋለሁ፣ አላፍርም። እግዚአብሔር ጤናችሁን ይጠብቅልን።