የእሑድ ከተማ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተነገረ)



ስለ አንዲት የእስያ ከተማ እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ ቶኪዮን ልናነሣ አስበን ነበር። ነገር ግን ብዙ ኢትዮጵያውያን እኅቶቻችን የሠሩባትን ቤይሩትን መረጥን። ከክፍላችንም ከፈተናው በኋላ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ደላላ ያነጋገሩ አሉ፤ ስማቸውን አንጠራም።

ያጫወተችን እዚያ ሦስት ዓመት ሠርታ የተመለሰች የአንድ ጓደኛችን ታላቅ እኅት ናት። ቤይሩት በስተምዕራብ የሜዲቴራንያን ባሕር፥ በስተምሥራቅ የሊባኖስ ተራራ አላት። እኛ የሐረር መንገድ የሚወጣበትን ተራራ አይተን ደቡብን እንደምናውቅ ሁሉ፥ እርስዋም መንገድ ሲጠፋባት ተራራውን ትፈልግ ነበር። የጂኦግራፊ መምህራችን ይህን በመስማታቸው ደስ ሳይላቸው አይቀርም።

ታዲያ መንገድ እንዲጠፋም አስቀድሞ መውጣት ያስፈልጋል። ስምንት ወር ሙሉ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ በቀር የረገጠችው ደጅ አልነበረም። ፓስፖርትዋም በአሠሪዋ እጅ ነበረ። ይህ የእርስዋ ብቻ ዕድል አይደለም። ሊባኖስ በ1939 ዓ.ም. ያወጣችው የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አይጠብቅም፤ ከፋላ በሚባለው ሥርዓትም የሠራተኛይቱ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ስለሆነ፥ ከቤቱ የወጣች እንደ ሕገ ወጥ ትቈጠራለች።

በዘጠነኛው ወር እሑድ እሑድ እንድትወጣ ተፈቀደላት። ሰርቪስ የሚሉት፥ መንገደኛ እየደባለቀ የሚጭን ታክሲ ቆመላት። እርስዋም ከማዶ በረንዳ አንዲት የወሎ ልጅ ጮኻ የነገረቻትን አንድ ቃል «ዶራ» ብላ ገባች። ዶራ አደባባይ ስትወርድ በርበሬና እንጀራ የሚሸጥ ሱቅ አገኘች፤ ቡናም ሸተታት። ጥቂት አልፋ ቡርጅ ሐሙድ ስትደርስ በሱቆቹ ላይ የተጻፈው ከሩቅ የኛ ፊደል መስሎአት ሮጠች፤ ቀርባ ብታየው ማንበብ አቃታት። የአርመን ፊደል ነበረ። ሰፈሩን ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ከእልቂት የተረፉ አርመኖች ናቸው የመሠረቱት። አርመኖች በኛም ከተማ ኖረዋልና ይህን ስትነግረን እንደ ዘመድ ወሬ ሰማናት።

በሌላ እሑድ ከባሕሩ ውስጥ የቆሙትን የረውሻን ዐለቶች አየች። በኋላማ ከባለታክሲዎች ጋር በዐረብኛ ዋጋ ትከራከር ጀመር።

እርስዋ ከተመለሰች በኋላ፥ በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ፥ አንዳንድ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ያለ ደመወዝ አምጥተው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄዱ። በቴሌቪዥን ስታየው ደጃፉን ዐውቃ አለቀሰች።

ለዚህ ንግግር በደብተር ወረቀት ላይ የቤይሩትን ካርታ ሣለችልን። ዝናብ ሲጠፋ እንደ ደቻቱ የሚደርቀውን ወንዝ፥ ዶራን፥ የባሕሩን ዳር እያንዳንዱን በየቦታው አደረገች። ሦስት ዓመት የኖረችበትን ሰፈር ስትሥል ግን ጐዳና አላደረገችበትም፤ የቤቶቹን ጣራ፥ የውሃ ታንከሮቹንና የልብስ ማስጫ ገመዶቹን ብቻ ሣለች።