የጎማ ነፋስ ልክ ከወረታ እስከ ነፋስ መውጫ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲያመሩ፣ በጋፋት የተሠራውን «ሴባስቶፖል» የተባለውን መድፍ በሠረገላ አስጭነው በጋይንት በኩል አለፉ። የመድፉ ክብደት ወደ 7 ቶን የሚጠጋ ነበር። መንኰራኵሩ ጠጣር፣ መንገዱም ያልተጠረገ ስለነበረ፣ ንጉሠ ነገሥቱና ሠራዊታቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ ገደል እየናዱ ጎዳና ማውጣት ግድ ሆነባቸው። መቅደላ የደረሱትም ከብዙ ወራት ድካም በኋላ በመጋቢት ነበር። በዚያ ዘመን ለመንኰራኵሩ የሚታዘዘው መንገዱ ነበር።

ከዚህ 20 ዓመት በኋላ በ1888 እ.ኤ.አ. ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ በቤልፋስት የሚኖር የእንስሳት ሐኪም ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ነፋስ የተሞላ ጎማ ሠራ። ሮበርት ቶምሰን የተባለው ስኮትላንዳዊ ይህንኑ ሐሳብ በ1845 እ.ኤ.አ. በፓተንት አስመዝግቦት ነበር፤ ግን ተረስቶ ቀረ። በደንሎፕ ሥራ የነፋስ ጎማ ተስፋፋ፤ መንኰራኵርም ለመንገድ መታዘዝ ጀመረ። የመታዘዙ መጠን የሚወሰነው ደግሞ በውስጡ ባለው ነፋስ ነው። ስለዚህ «ልኩ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ የሾፌሩንና የተሳፋሪውን ሕይወት የሚነካ ነው።

አንድ ጎማ 500 ኪሎ ቢሸከምና 2.5 ባር ነፋስ ቢኖረው፣ መሬት የሚነካው ክፍሉ በግምት 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ነፋሱ ወደ 2 ባር ቢወርድ ስፋቱ ወደ 250 ያድጋል። ፍሬን ሲያዝ፣ መሪ ሲዞር፣ በዝናብ ቀን ኩርባ ሲታጠፍ መኪናውን መሬት ላይ የሚያቆየው ይህ ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። ነፋሱ ሲበዛ ቦታው ይጠባል፤ ጎማው በጠጠር ላይ ይዘላል፤ መካከለኛው ጥርሱም ቀድሞ ያልቃል። ነፋሱ ሲያንስ የጎማው ጎን በየዙሩ ይታጠፋል፤ መታጠፉ ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱም የውስጡን ሽፋን እያላቀቀ ጎማውን ለፍንዳታ ያደርሰዋል። የግራና የቀኝ ጠርዙ ጥርስ ከመካከሉ ቀድሞ ያለቀ ጎማ በነፋስ እጦት የተጎዳ መሆኑን ይመሰክራል።

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና በኩል ወልዲያ የሚደርሰው፣ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለው ጎዳና ለዚህ ትምህርት የተመቸ ነው። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ መንገዱ የጉናን ግርጌ ይዞ ወጥቶ ነፋስ መውጫ ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ይሆናል። የነፋስ መለኪያ የሚያነበው በጎማው ውስጥ ባለውና በውጭ ባለው አየር ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከፍታ ሲጨምር የውጭው አየር ስለሚሳሳ፣ ማንም ነፋስ ሳይጨምር መለኪያው ነፋስ መውጫ ላይ ከወረታው ይልቅ ከ0.1 ባር ጥቂት አብልጦ ያሳያል። በሌላ በኩል፣ 2.2 ባር የያዘ ጎማ በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ወደ 0.1 ባር ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ መኪናው ቆሞ፣ ጎማውም ቀዝቅዞ ሲለካ የደጋው ብርድ የከፍታውን ጭማሪ አብዛኛውን ያካክሰዋል።

ስሕተቱ የሚፈጸመው ጎማው ትኩስ ሳለ ነው። ዳገቱን በሙሉ ጭነት የወጣ መኪና ነፋስ መውጫ ሲደርስ መለኪያው ከጠዋቱ በጣም ከፍ ብሎ ይታያል። ሾፌሩ ይደነግጥና «ጎማው ሊፈነዳ ነው» ብሎ ያስተነፍሰዋል። የከተማዋ ስም ነፋስ መውጫ ቢሆንም፣ ከትኩስ ጎማ ነፋስ የሚወጣባት መሆን አይገባትም። ጎማው ሌሊቱን ሲበርድ የጎደለው ይገለጣል፤ በማግስቱ ያው መኪና ወደ አርብ ገበያ ወይም ወደ ስማዳዋ ወገዳ ሲጓዝ፣ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ቆላ ሲወርድ፣ የታጠፈ ጎማ ሙቀት፣ የቆላው ሙቀትና በቸርኬው በኩል የሚያልፈው የፍሬን ሙቀት በአንድነት ይጫኑታል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው፤ በቁልቁለት ላይ የፈሰሰ ግን ሁልጊዜ አይለቀምም።

ለረጅም ዓመታት በጠጠርና በአፈር ሲያገለግሉ የኖሩት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ የውስጥ መንገዶች ሌላ ጥያቄ ያስነሣሉ። በሻካራ ጠጠር ላይ በቀስታ ለሚሄድ ቀላል ባለ አራት እግር ተሽከርካሪ፣ ለምሳሌ ከ2.4 ባር ወደ 1.9 ባር ዝቅ ማድረግ ጎማው ድንጋዩን እንዲያቅፍና እንዳይቦጨቅ ይረዳል። ነገር ግን ሁለት ግዴታዎች አሉበት፤ ፍጥነት መቀነስና አስፋልት እንደተደረሰ ነፋሱን መመለስ። ሙሉ ጭነት ለያዘ የጭነት መኪናና ለሕዝብ ማመላለሻ ይህ ፈቃድ የለም፤ ከጭነቱ ጋር ከተወሰነው ልክ በታች መውረድ ጎማውን መግደል ነው።

አንዳንዶች የእሽቅድምድም ነጂዎችን አብነት ያደርጋሉ። እነዚያ ነጂዎች ጎማቸው በጥቂት ዙር እጅግ እንደሚግል ስለሚያውቁ ዝቅ ባለ ነፋስ ይጀምራሉ፤ ከሜዳው እንደወጡም በትኩሱ ለክተው የእያንዳንዱን ጎማ ያስተካክላሉ። እነርሱ ግን ያለ ጭነት፣ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ከፍታ ይዞራሉ። ከእነርሱ ሊወሰድ የሚገባው ደጋግሞ የመለካትና የመመዝገብ ልማዳቸው እንጂ ቁጥራቸው አይደለም።

ልማዱን ወደ አገር ቤት መንገድ ማምጣት ቀላል ነው። ጠዋት ከመነሣት በፊት ነፋሱ ይለካል፤ መነሻውም በበሩ ምሰሶ ወይም በመመሪያው መጽሐፍ የተጻፈው ቁጥር ነው። በጎማው ጎን የተጻፈው የመጨረሻው ወሰን ስለሆነ መነሻ ሊሆን አይችልም። ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ እንደገና ይለካል። በተለመደው ግምት፣ በቀላል ተሽከርካሪ ጭማሪው 0.3 ባር አካባቢ ከሆነ መነሻው ደኅና ነበር፤ ከዚያ በብዙ ከበለጠ ለጭነቱ ነፋስ አንሶ ነበርና በቀጣዩ ጠዋት ይጨመራል፤ እጅግ ካነሰም በዝቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ልኬቶች ግን ከፍታቸው በሚቀራረብ ቦታ መደረግ አለባቸው። ከወረታ ተነሥቶ ነፋስ መውጫ ላይ የሚለካ ሾፌር የተራራውን ድርሻ የጎማው አድርጎ ይቆጥራል።

ቴዎድሮስ ያን መድፍ ለማሳለፍ ተራራ መናድ ነበረባቸው። የዛሬው ሾፌር በዚያው አገር ሲያልፍ የሚፈለግበት በንጋት ጎንበስ ብሎ አራት ወይም ስድስት ጎማ መለካትና ቁጥሩን በደብተር መጻፍ ነው። ይህችን ጥቂት ደቂቃ የሚነፍግ፣ ከኋላው ተቀምጠው ስለ ጎማው ምንም የማያውቁትን ሰዎች ዕድሜ ይነፍጋል።