ስልኩ የት እንዳለን በምን ያውቃል?

(በሠፈራችን ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ የወጣ)



ባለፉት ስብሰባዎቻችን ስለ ጎርፍ መውረጃው ቦይና ስለ ሌሊት ጥበቃው ብዙ ተነጋግረናል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን በየኪሳችን ያለ ነው። ሰው ቢታመም፣ እሳት ቢነሣ፣ ሌባ ቢገባ የሁላችንም እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ሞባይል ነው። ብዙዎቻችንም «ስልኩ ያለሁበትን ያውቃል፤ እነሱም ያዩኛል» ብለን ተማምነን እንቀመጣለን። ይህ እምነት ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ግን ሰው የሚጎዳ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ልናስረዳችሁ ወደድን።

በመጀመሪያ «ሳተላይቱ ያየናል» የሚባለው ልክ አይደለም። ጂፒኤስ የሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በቀን ሁለት ጊዜ ይዞሩናል። ለኛ ስልክ ሥራቸው መናገር ብቻ ነው፤ ስልካችንን አይሰሙም። እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ሁሉ «እኔ እገሌ ነኝ፣ ያለሁት እዚህ ላይ ነው፣ ሰዓቱም ይህን ያህል ነው» እያሉ ሌት ተቀን ያስተላልፋሉ። ስልኩ ይህን ሰምቶ መልእክቱ በመንገድ ላይ ስንት ጊዜ እንደ ቆየ ይለካል። የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛልና ከቆይታው ርቀቱን ያወጣል። ከሦስት ሳተላይቶች ያለውን ርቀት ካወቀ ቦታውን ለማግኘት ይበቃው ነበር። ችግሩ የስልኩ ሰዓት እንደ ሳተላይቶቹ የአቶም ሰዓት የረቀቀ አለመሆኑ ነው። የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ብቻ ቢሳሳት ቦታው በ300 ሜትር ይዛባል፤ ይህ ማለት ከኛ በር ተነሥቶ ሌላ ሠፈር መግባት ነው። ስለዚህ ሰዓቱን የሚያርምበት አራተኛ ሳተላይት ያስፈልገዋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የሚያሰላው ስልኩ ራሱ ነው። ሳተላይቱ ስለኛ አንዳችም አያውቅም።

ይህ ሥርዓት መጀመሪያ ለጦር ሠራዊት የተሠራ ነበር። የመጀመሪያው ሳተላይት የመጠቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በ1983 አንድ የኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን መንገድ ስቶ የሶቪየት ኅብረት ክልል ውስጥ በመግባቱ ተመትቶ 269 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ የአሜሪካ መንግሥት ሥርዓቱ ሲጠናቀቅ ለሲቪሉም በነፃ እንደሚሆን አስታወቀ። ሕዝብ የሚጠቀምበትን ምልክት ሆን ብለው ያደበዝዙት የነበረውም በ2000 ቀረ። ዛሬ የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱ ተጨምረዋል፤ አዳዲሶቹ ስልኮች ሁሉንም አዳብለው ይሰማሉ።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ከዚያ ሁሉ ርቀት የሚመጣው ምልክት እጅግ ደካማ ነው። ሜዳ ላይ ብንቆም ስልኩ ከጥቂት ሜትር የበለጠ አይሳሳትም። የቆርቆሮ ጣራ ሥር ስንገባ ግን ምልክቱ ይታፈናል፤ በፎቅና በፎቅ መካከል ከሆንን ደግሞ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየነጠረ ስለሚመጣ ርቀቱን ያበዛዋል። ታዲያ ስልኩ ዝም አይልም፤ ሌላ ምስክር ይፈልጋል። አንዱ ምስክር የኔትወርክ ማማው ነው። «በዚህ ማማ ሥር ነኝ» ማለት ከተማ ውስጥ በመቶዎች ሜትር፣ ገጠር ከሆነ በብዙ ኪሎ ሜትር ሊሳሳት ይችላል። ሌላው በየቤቱ ያለው ዋይፋይ ነው። የዋይፋይ ሣጥኖች መለያ ከነቦታቸው በትልልቅ ኩባንያዎች መዝገብ ተይዟልና ስልኩ የሚሰማቸውን ሣጥኖች ከዚያ መዝገብ ጋር ያመሳክራል። (ጎረቤት ሣጥኑን ይዞ ቤት ሲለቅ መዝገቡ እስኪታረም ድረስ ስልኩ ይታለላል፤ ምን ያድርግ!)

ካርታው ላይ ሰማያዊውን ነጥብ ከቦ የሚታይ ፈዘዝ ያለ ክብ አለ። ብዙ ሰው ነጥቡን ያያል እንጂ ክቡን አያይም። ክቡ የስልኩ ጥርጣሬ ነው፤ ሰፋ ካለ «እዚህ ውስጥ የሆነ ቦታ ነኝ» ማለቱ ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤታችንን ሌሊት ምጥ ሲይዛት ቤተሰቧ ከቆርቆሮው ሥር ሆነው ለተጠራው መኪና ሎኬሽን ላኩ። ነጥቡ ያረፈው ከወንዙ ማዶ ነበር። ሾፌሩም የታዘዘው ቦታ ደርሶ ቆመ። በካርታ ሲታይ ቅርብ ነው፤ በመኪና ግን ድልድዩን ዞሮ መምጣት ነው። ደግነቱ እናትና ልጅ ደኅና ናቸው፤ ያ ሌሊት ግን እንዴት እንዳለፈ እነሱን ጠይቁ።

ከዚህም ሌላ መለየት ያለብን ነገር አለ። ስልኩ ማወቁና የደወልንለት ሰው ማወቁ ለየቅል ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ወደ 911 የሚደወል የሞባይል ጥሪ የደዋዩን ቦታ ይዞ እንዲሄድ መንግሥት ደንብ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በብሪታንያ ደግሞ በ2014 የተጀመረ ዘዴ አለ፤ ሰው የአደጋ ቁጥር ሲደውል ስልኩ ቦታውን ራሱ አስልቶ በአጭር መልእክት ይልካል። ይህም ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፍቷል። እዚያ ያሉ ልጆቻችን ይህ ጥቅም አላቸው። እዚያም ቢሆን ስልኩን የሚያነሣው ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «የት ነው ያላችሁት?» ብሎ ነው። እኛም ስልኩ ይናገርልናል ብለን ዝም አንበል። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለእሳት 939፣ ለፖሊስ 991 ስንደውል ከሕመሙ በፊት ቦታውን እንናገር፤ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ የት እንደሚመጡ ያውቃሉና።

አነጋገራችንም ይስተካከል። «ከሱቁ አለፍ ብሎ» ለኛ ይበቃል፤ ከሌላ ክፍለ ከተማ ለሚመጣ ሾፌር ግን ስንቱ ሱቅ? ወረዳውን፣ የቤት ቁጥሩን፣ አስፋልቱ ላይ ያለውን ትልቅ ምልክት እንጥራ። ከቤተሰብም አንድ ሰው ባትሪ ይዞ አስፋልት ላይ ይቁም።

በተጨማሪ ስልኩ የሚሰጠውን የቦታ ቁጥር ብንይዝ ይረዳናል። ሠፈራችን በ9 ነጥብ እና በ38 ነጥብ ይጀምራል፤ ከነጥቡ በኋላ ያሉት አኃዞች ናቸው ቤቱን የሚለዩት። ሦስተኛው አኃዝ 110 ሜትር ያህል፣ አራተኛው 11 ሜትር፣ አምስተኛው አንድ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ እስከ አምስት አኃዝ ይጻፍ። ሲለካ ከቤት ወጥቶ ሰማይ በሚታይበት ግቢ መቆምና ክቡ እስኪጠብ አንድ ደቂቃ ያህል መታገሥ ያስፈልጋል። ለዚህ ሲም ካርድም ሂሳብም አያስፈልግም፤ ያለ ኢንተርኔት የሚጠፋው የካርታው ሥዕል ነው እንጂ ቁጥሩ አይደለም።

የኮሚቴው አባላት በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ከላይኛው በር ተነሥተን በየግቢው እንዞራለን። የቤት ቁጥሩን፣ የቦታውን ቁጥርና ሦስቱን የአደጋ ስልኮች በወረቀት ጽፈን ከመብራት ቆጣሪው ጎን እንለጥፋለን። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዛችሁ እናቶችና አባቶች አትቸገሩ፤ የናንተን እኛ እንለካለን። የበራችሁ ቁጥር የደበዘዘባችሁ ግን እስከዚያ ቀለም አስነክታችሁ ጠብቁን።