ኦፒየም ይበላ ስለ ነበረው እንግሊዛዊ ደራሲ
(በትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍ ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ስለ ቶማስ ዲ ኩዊንሲ እንድንናገር በተወሰነ ጊዜ፣ ከመካከላችን ሁለቱ «ስለ ሱሰኛ ሰው ለተማሪ መናገር ይገባልን?» ሲሉ ተቃውመው ነበር። መጽሐፉን ካነበቡ በኋላ ግን እነርሱም ዛሬ ከእኛ ጋር ቆመዋል። ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ዲ ኩዊንሲ በ1785 በማንቸስተር ከተማ ተወለደ። በ1802 ከትምህርት ቤቱ ጠፍቶ በዌልስ ሲንከራተት ከቆየ በኋላ ለንደን ገባ። እዚያም የሚበላው አጥቶ በአንድ ባዶ ቤት ወለል ላይ ያድር ነበር። አንድ ሌሊት በሶሆ አደባባይ፣ ከአንድ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ከረኃብ የተነሣ ራሱን ሊስት ሲል፣ አን የምትባል የጎዳና ምስኪን ልጅ ካላት ጥቂት ገንዘብ ወይን ገዝታ አጠጥታ አዳነችው። ለጥቂት ቀን ከከተማው ወጥቶ ሲመለስ አጣት። የአባቷን ስም እንኳ አልጠየቃት ኖሮ ፈልጎ ሊያገኛት አልቻለም። ከብዙ ዓመት በኋላ በሕልሙ ትመጣበት ነበር። ከመጽሐፉ ሁሉ ልባችንን የነካው ይህ ነው።

ኦፒየምን የቀመሰው በ1804፣ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ የራስና የፊት ሕመም ሃያ ቀን ያህል ቢያሠቃየው ነው። በአንድ ዝናባም እሑድ ለንደን ውስጥ ከመድኃኒት ሻጭ ገዛ፤ የከለከለው ሕግም አልነበረም። ላውዳነም የሚባለው፣ ኦፒየም በአልኮል የተበጠበጠበት መድኃኒት፣ ለሳልም ይሰጥ፣ የሚያለቅስ ሕፃንም ያስተኙበት ነበር። ሽያጩን የሚገድብ ሕግ የወጣው በ1868 ነው።

መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር፤ ከ1813 ጀምሮ ግን በየቀኑ ሆነ፤ እርሱ ራሱ እንደሚለው በቀን እስከ 8,000 ጠብታ ደረሰ። ለመጣለት ደብዳቤ መልስ መጻፍ እንኳ አቃተው። በሕልሙ አንዲት ሌሊት የመቶ ዓመት ያህል ትረዝምበት፣ አዞም ያሳድደው ነበርና መተኛትን ፈራ።

ይህንን ሁሉ «ኦፒየም የሚበላ እንግሊዛዊ ኑዛዜ» ብሎ በ1821 በአንድ የለንደን መጽሔት ላይ፣ ስሙን ሳይገልጽ አወጣው። በዚያ አገር የገዛ ቁስልን በአደባባይ መግለጥ ነውር መሆኑን ያውቅ ነበርና በመቅድሙ ይቅርታ ይጠይቃል። ዛሬ ሐኪሞች ሱስን እንደ በሽታ ይቈጥሩታል፤ ያን ጊዜ ግን ኀፍረት ብቻ ነበር።

ክርክራችን ያልበረደው በሌላ ነገር ነው። የኦፒየምን ደስታ ያስቀድምና ሥቃዩን ያስከትላል፤ ደስታውንም እጅግ አሳምሮ ጽፎታል። ፍራንሲስ ቶምፕሰን የተባለው ባለቅኔ መጽሐፉን አንብቦ ነበር፤ እርሱም በኋላ ሱሰኛ ሆኖ በለንደን ጎዳና ላይ ወድቋል። ዲ ኩዊንሲስ ቢሆን በ1821 «ከሰንሰለቱ ልፈታ ተቃርቤአለሁ» የሚል አሳብ ጽፎ፣ በ1822 በታተመው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ገና እንዳልተፈታ ገለጠ። በ1859 በኤዲንበርግ እስኪሞትም አልተወውም።

መጽሐፉ በቤተ መጻሕፍታችን አንድ ቅጂ ብቻ ስላለ ተራ መጠበቅ ግድ ነው። የደረሳችሁ ግን የመጀመሪያውን ክፍል አንብባችሁ እንዳትመልሱት እንለምናችኋለን።